ዳኛው ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ሲነፋ፦ የ1998ቱ የአየርላንድ ሀርሊንግ ሻምፒዮና

ጥያቄ፦ «አየርላንድ ውስጥ ቱላሞር ከተማ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ላይ ነኝ። ከምንከባከባቸው አባቶች የአንዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ፎቶ ተሰቅሏል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ስታዲየም ሣር ላይ ቁጭ ብሏል። ‹1998 ነው። ዳኛው ሰዓት ሰርቆን ነበር። ቁጭ ብለን ነው ዋንጫውን ያመጣነው› ይሉኛል። እኔ የማውቀው እግር ኳስ ነው። ዳኛ ፊሽካ ከነፋ አለቀ። የተሸነፈ ቡድን ቁጭ ብሎ እንዴት ሻምፒዮን ይሆናል? ደግሞ ቡድናቸው ኦፋሊ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎም ተሸንፎ ነበር ይባላል። ግራ ገባኝ፤ የሚያውቅ ያስረዳኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ደብሊን ውስጥ የሕፃናት ሀርሊንግ እዳኛለሁ። ወደዚህ አገር ከመጣሁ ጀምሮ ልቤን የወሰደው ስፖርት ይኸው ነው። የ1998ቱን ዓመት ደግሞ ሳልሰለች ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስለዚህ መልሱ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ አጭሩን ልንገርሽ። አባታችን ያሉት ግማሹ ልክ ነው። ቁጭ ማለታቸው ዋንጫ አላመጣላቸውም። ያመጣላቸው አንድ ድጋሚ ጨዋታ ነው። ዋንጫውን ያገኙት ያንን ጨዋታ፣ ከዚያም ፍጻሜውን ተጫውተው አሸንፈው ነው። «ሰዓት ሰረቀን» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ስህተት ነበር እንጂ ስርቆት አልነበረም። ይህ ልዩነት ለእኔ ትልቅ ነው፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ከሥሩ እንጀምር። ቀንና ዓመቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ሀርሊንግን ለአገራችን ሰው ሳስረዳ ከገና ጨዋታ ነው የምነሳው። ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ጥንግ፣ ሰፊ ሜዳ፣ ሁለት ወገን ሆነው የሚጋጠሙ ጎረምሶች። ይህን ያየ ሰው ሀርሊንግ ሲያይ ባዕድ አይሆንበትም። ልዩነቱ እዚህ ኳሷ በአየር ላይ እንዳለች ትመታለች፤ በእጅም ትያዛለች፤ በዱላው ጫፍ ላይ አስቀምጠዋት እየሮጡ ይሄዳሉ። ዱላው አሽ ከሚባል ዛፍ ይጠረባል። ኳሷ ስሊተር ትባላለች። ትንሽ ናት፤ ግን በቆዳ የተለበጠች ጠንካራ ነገር ናት። ጎበዝ ተጫዋች ከመታት ከግማሽ ሜዳ በላይ ትበራለች።

በአንድ ወገን 15 ተጫዋች ይሰለፋል። ጎሉ የላቲኑን ኤች ፊደል ይመስላል። ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ካለፈች 1 ነጥብ ነው። ከአግዳሚው በታች መረቡ ውስጥ ከገባች ጎል ናት፤ ጎል 3 ነጥብ ያስቆጥራል። ውጤት ሲጻፍ ጎሉና ነጥቡ ለየብቻ ነው የሚቀመጠው። 1-16 ሲባል 1 ጎልና 16 ነጥብ፣ በድምሩ 19 ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ያዢው። የ1998ቱ ጣጣ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ሂሳብ ላይ ነው።

ሌላው ማወቅ ያለብሽ ነገር ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም። አንዱ ገበሬ ነው፣ አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ ባንክ ይሠራል። ማታ ማታ ይለማመዳሉ። የሚጫወቱት በአብዛኛው ለተወለዱበት ካውንቲ፣ እንደ አውራጃ በይው፣ ነው። ግዢ፣ ሽያጭ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ካውንቲ ሲሸነፍ የሚሸነፈው የጎረቤት ልጅ፣ የአክስት ልጅ፣ የልጆችሽ አስተማሪ ነው። አባታችን ከስንት ዓመት በኋላ ያንን ፎቶ ያላወረዱት ለዚህ ይመስለኛል።

ኦፋሊ ትንሽ ካውንቲ ነው። ሀርሊንግ በደንብ የሚጫወተው ደግሞ ከፊሉ ብቻ ነው። ከቱላሞር ወደ ደቡብ ምዕራብ ወደ ቢር ከተማ ብትወርጂ የሀርሊንጉ አገር ታገኚያለሽ። ከዚያች ትንሽ አካባቢ ተነስተው በ1981፣ በ1985 እና በ1994 የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆነዋል። ኪልኬኒን፣ ኮርክንና ቲፐራሪን ለመሳሰሉ ትልልቅ ካውንቲዎች ይህ የማይዋጥ ነገር ነበር።

የ1994ቱን ፍጻሜ በተለይ ልንገርሽ። በኋላ ያስፈልገናል። ኦፋሊ ከሊመሪክ ጋር ይጫወታል። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ሊመሪክ በ5 ነጥብ ይመራል። ብዙ ሰው አበቃ ብሏል። ከዚያ በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ኦፋሊ 2 ጎልና 5 ነጥብ አገባ። 11 ነጥብ ማለት ነው። ጨዋታው 3-16 ለ2-13 አለቀ። በ5 ሲመራ የነበረው ቡድን በ6 ተሸነፈ። እስካሁን «የአምስት ደቂቃው ፍጻሜ» ይባላል።

በቀጣዩ ዓመት በ1995 ኦፋሊ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ክሌር ነበር። ክሌር ከ1914 ጀምሮ ዋንጫ አይቶ አያውቅም፤ 81 ዓመት ሙሉ። ያን ቀን ክሌር 1-13 ለ2-8 አሸነፈ። በሁለት ነጥብ ብቻ። አሰልጣኙ ጀር ሎክናን በአንድ ቀን የአገሩ ጀግና ሆነ። በ1997 ደግሞ ደገሙት። እንግዲህ 1998 ሲመጣ ክሌር የአገሪቱ ሻምፒዮን ነው። ኦፋሊ ደግሞ «ያረጀ ቡድን ነው፤ ጊዜው አልፏል» እየተባለ ነው።

አሁን «ቀደም ብሎም ተሸንፎ ነበር» ወዳልሽው እንምጣ።

ድሮ ሻምፒዮናው ጥሎ ማለፍ ነበር። በክፍለ ሀገርሽ ውድድር ከተሸነፍሽ ዓመቱ አለቀ፤ ዱላሽን ሰቅለሽ ወደ እርሻሽ። በ1997 ሕጉ ተለወጠ። በመንስተርና በለንስተር፣ ማለትም በሁለቱ ዋና ዋና የሀርሊንግ ክፍለ ሀገሮች፣ ፍጻሜ ደርሰው የተሸነፉ ሁለት ቡድኖች በሩብ ፍጻሜው በኩል እንዲመለሱ ተፈቀደ። ሕዝቡ ይህን መንገድ «የጓሮ በር» አለው። ብዙ ሰው ቅር ብሎት ነበር። ተሸንፎ ሻምፒዮን መሆን ምን ዓይነት ነገር ነው አሉ። በመጀመሪያው ዓመት ቲፐራሪ በዚሁ በር ገብቶ ለፍጻሜ ደረሰ። ክሌር በአንድ ነጥብ ብቻ አሸነፈው። ለጥቂት ነበር።

በ1998 ኦፋሊን ያሠለጥን የነበረው ባብስ ኪቲንግ ነው። የቲፐራሪ ሰው ነው። ተጫዋችም ሆኖ አሰልጣኝም ሆኖ ስሙ የገነነ። ጁላይ 5 ኦፋሊ በለንስተር ፍጻሜ በኪልኬኒ 3-10 ለ1-11 ተሸነፈ። ከጨዋታው በኋላ ኪቲንግ ተጫዋቾቹን በጋዜጠኞች ፊት እርስ በርስ ከተከመሩ በጎች ጋር አመሳሰላቸው። ቃሉ አየርላንድን አዳረሰ። ተጫዋቾቹ ተቆጡ። ጆኒ ፒልኪንግተን የሚባለው የመሀል ሜዳ ተጫዋች በጋዜጣ መልስ ሰጠ። በጥቂት ቀን ውስጥ ኪቲንግ ለቀቀ።

አስቢው። የውድድር ዘመኑ መሀል ነው። ቡድኑ ተሸንፏል፣ ተሰድቧል፣ አሰልጣኝ የለውም። ያኔ ማይክል ቦንድ የሚባል የጎልዌይ አስተማሪ አመጡ። ብዙዎቹ ተጫዋቾች ማን እንደሆነ እንኳን አያውቁትም ነበር። ያ የማይታወቅ ሰው ግን አንድ ነገር ገብቶታል። እነዚህ ልጆች ጨዋታ አልጠፋባቸውም፤ የጠፋባቸው ደስታው ነው። ኳሷን እንደ ልማዳቸው በፍጥነት እንዲመቷት ለቀቃቸው። ደግሞም ልጆቹ እውነት ያረጁ አልነበሩም። በዚያው ዓመት መጋቢት ውስጥ የቢር ክለብ የመላ አየርላንድ የክለቦች ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። ብራያን ዌላሃን፣ ጆኒ ፒልኪንግተን፣ ጆ ኤሪቲ፤ እነዚህ ሁሉ የቢር ልጆች ናቸው።

ኦፋሊ በሩብ ፍጻሜው አንትሪምን አሸንፎ ግማሽ ፍጻሜ ገባ። እዚያ የጠበቀው ክሌር ነው።

የክሌርም ዓመት ሰላም አልነበረም። ጁላይ 12 በመንስተር ፍጻሜ ከዋተርፎርድ ጋር አቻ ወጡ፤ 1-16 ለ3-10። በሀርሊንግ ያኔ አቻ ማለት ድጋሚ ጨዋታ ነው። በሳምንቱ ተደገመ። ክሌር 2-16 ለ0-10 ረታ። ነገር ግን ያ ጨዋታ ገና ሲጀመር ግርግር ነበረው። ዱላ ከኳስ ይልቅ ሰው ላይ ያረፈበት ሰዓት ነበር። ከሜዳ የተባረረ ሰውም ነበር። በኋላ የክሌሩ መሀል ተጫዋች ኮሊን ሊንች 3 ወር ተቀጣ። ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ አልተሳካለትም። ሎክናን በሬዲዮ ቀርቦ ስፖርቱን የሚመራውን የጌሊክ ማኅበር (GAA) ባለሥልጣናት ወረፋቸው። ክሌሮች «ሁሉም በእኛ ላይ ተነስቷል» የሚል ስሜት ያደረባቸው ያኔ ነው። ይህን አትርሺ።

ኦገስት 9 ክሌርና ኦፋሊ ደብሊን ባለው ትልቁ ስታዲየም፣ ክሮክ ፓርክ ላይ ተገናኙ። 1-13 ለ1-13። እንደገና አቻ።

ኦገስት 22 ቅዳሜ ተደገመ። የፎቶው ቀን ይህ ነው።

ዳኛው ጂሚ ኩኒ ነበር። የጎልዌይ ሰው ነው። በዳኝነት ብቻ የሚያውቀው ጨዋታ አልነበረም፤ በ1980 ከጎልዌይ ጋር ራሱ የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆኗል። ክሌር ጨዋታውን ሲመራ ቆየ። መጨረሻው ላይ ኦፋሊ እያጠበበ መጣ። ውጤቱ ክሌር 1-16፣ ኦፋሊ 2-10 ደረሰ። ደምሪው። 19 ለ16። የ3 ነጥብ ልዩነት። በሀርሊንግ 3 ነጥብ ማለት አንድ ጎል ነው። አንድ ምት።

ያኔ ፊሽካው ተነፋ። አለቀ ተባለ።

ሀርሊንግ በዚህ ደረጃ 70 ደቂቃ ነው፤ 35፣ 35። ኩኒ ግን ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ነፋው። የባከነውን ሰዓት ሳንቆጥር ነው ይህ። ወዲያው ባለሥልጣናት ከበውት ወጣ። የኦፋሊ ተጫዋቾች ግራ ተጋብተው ቆሙ። ደጋፊው ሰዓቱን እያየ ነበር። በቴሌቪዥን የሚከታተለውም እያየ ነበር።

የኦፋሊ ደጋፊዎች ሜዳ ገቡ። ማንንም አልመቱም። ምንም አልሰበሩም። ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። አባት ከልጁ ጋር፣ እናት ማሊያ ከለበሱ ሴቶች ልጆቿ ጋር። ከዚያ በኋላ በሜዳው ሊካሄድ የተያዘ ሌላ ጨዋታ ነበር፤ ሳይካሄድ ቀረ። ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጡ። እኔ ያንን ምስል ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ ጸጥታው ነው። ንዴታቸው ልክ ነበረው። ማስረጃም ነበራቸው። እጃቸውን ግን ሰበሰቡ። የአገራችን ሰው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይላል። እዚያ ሜዳ ላይ ቁጣ ነበረ፤ ግን ቁጭ ያለ ቁጣ ነበር።

አሁን ዋናው ጥያቄሽ። ዳኛ ከነፋ አለቀ አይደለም ወይ?

በአንድ በኩል አዎ። ኳሷ መስመር አልፋለች አላለፈችም፣ ጥፋት ነው አይደለም፣ ጎል ነው አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ዳኛው ያለው ይጸናል። ቢሳሳትም ይጸናል። ይህ ባይሆን ማንኛውም ጨዋታ አያልቅም ነበር። ጊዜው ግን ሌላ ነገር ነው። የጨዋታው ርዝመት በሕግ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። ዳኛው ጊዜን ይቆጥራል እንጂ ጊዜን አይወስንም። ለባከነ ሰዓት ስንት ልጨምር በሚለው ላይ የራሱ ግምት አለው። ከ70 ደቂቃ ላይ ቀንሶ የመጣል ሥልጣን ግን የለውም። 68 ደቂቃ የተጫወቱ ሁለት ቡድኖች የተሸናነፉ ሳይሆኑ ጨዋታ ያቋረጡ ናቸው። ማኅበሩ ጨዋታው እንዲደገም ሲወስን ያደረገው ይህን ማረጋገጥ ነው። ቀኑ ለቀጣዩ ቅዳሜ፣ ለኦገስት 29 ተቆረጠ። ቦታው ተርልስ፣ ሴምፕል ስታዲየም። ተርልስ እንግዲህ ይህ ማኅበር ራሱ በ1884 የተመሠረተባት ከተማ ናት።

ታዲያ መቀመጡ ምን ፈየደ? ብዙ ፈይዷል። መብቱ የመጣው ከሰዓቱ ነው። ነገሩን «እንግዲህ የሆነው ሆኗል» ብሎ ማለፍ እንዳይቻል ያደረገው ግን ሣሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። በስፖርት አስተዳደር ውስጥ ስህተት ታውቆ በዝምታ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ቀን ዝምታው አልተቻለም።

«የቀረችውን ሁለት ደቂቃ ብቻ ለምን አላጫወቷቸውም?» የሚለኝ ሰው ሁልጊዜ አለ። እኔ እንደ ዳኛ የሚታየኝ ይህ ነው። ሁለት ደቂቃ ብቻዋን የለችም። ከሷ በፊት ያለው 68 ደቂቃ ድካም ውስጥ ነው ያለችው። ተጫዋቹ ላቡ ከደረቀ፣ ሻወር ከገባ፣ አሰልጣኙ ተቀምጦ ካሰበ በኋላ የምትመጣው ሁለት ደቂቃ ሌላ ጨዋታ ናት። ሳምንት ቆይቶ ትኩስ እግር ይዞ ሁለት ደቂቃ መጫወት ለማንም ፍትሕ አይሆንም።

«በሁለት ደቂቃ ምን ይለወጥ ነበር?» ለሚለውም መልሱ 1994 ነው። እነዚያው ሰዎች፣ ያው ሜዳ። በአምስት ደቂቃ 11 ነጥብ ያገባ ቡድን በሁለት ደቂቃ አንድ ጎል አያገባም ብሎ ማን ይምላል? ላያገባም ይችል ነበር። እንዲሞክር ግን ደቂቃዎቹ የራሱ ነበሩ።

ክሌሮችን ግን መርሳት የለብንም። ቱላሞር ውስጥ ሆነሽ የምትሰሚው አንድ ወገን ነው። ወደ ክሌር ከተማ ወደ ኢኒስ ብትሄጂ ሌላ ታሪክ ይነግሩሻል። እነሱ ምንም አላጠፉም። የተባሉትን ተጫወቱ። ፊሽካ ተነፋ፣ ተቃቀፉ፣ ፍጻሜ ገባን ብለው ወደ መልበሻ ክፍል ሄዱ። ከዚያ «ተመለሱ፤ በሳምንቱ ድጋሚ ትጫወታላችሁ» ተባሉ። ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 29 ባለው ሰባት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ አምስት ከባድ ጨዋታ ማለት ነው፤ ሦስቱ ድጋሚ ናቸው። ያውም ከቅጣቱ በኋላ ያሉትን ያለ ኮሊን ሊንች። ኦፋሊም አላረፈም፤ ከለንስተር ፍጻሜ ጀምሮ አምስት ጨዋታ ተጫውቷል። ግን የደስታ ፊሽካ ሰምቶ ደስታውን የተነጠቀው ክሌር ብቻ ነው። ውሳኔው ልክ ነበር። ያለ ጥፋታቸው ዋጋ የከፈሉት ደግሞ እነሱ ናቸው። ሁለቱም እውነት ነው፤ እኔ አንዱን በአንዱ መሸፈን አልችልም።

ስለ ዳኛው ቃል ገብቼልሽ ነበር። ጂሚ ኩኒ ስህተቱን አልካደም። ከዚያ በኋላ ቤቱ ድረስ የማስፈራሪያ ስልክ ይደወል እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ይህ ሁሌ ያሳዝነኛል። እሱም ደመወዝ የማይከፈለው ሰው ነበር። በማግስቱ ወደ ሥራው፣ ወደ ጎረቤቱ ነው የሚመለሰው።

ስህተቱ እንዴት እንደሚመጣ ዳኛ ያልሆነ ሰው አይገባውም። ሀርሊንግ በዓለም ላይ ካሉ የሜዳ ጨዋታዎች እጅግ ፈጣኑ ከሚባሉት አንዱ ነው። ኳሷ በጥቂት ሴኮንድ ከአንዱ ጎል ፊት ሌላኛው ጎል ፊት ትደርሳለች። አንቺ እየሮጥሽ ነው። 30 ዱላ ታያለሽ። ነጥብ ትጽፊያለሽ፣ ካርድ ትጽፊያለሽ፣ ሰዓት ታቆሚያለሽ፣ ታስነሻለሽ። እኔ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ሕፃን ልጅ ተጎድቶ ወደቀብኝ። ሰዓቴን አቆምኩ። ልጁ ደህና ሆኖ ሲነሳ ደስታ ያዘኝና ሰዓቱን ማስነሳት ረሳሁ። አንድ አባት ከዳር ሆነው ባይነግሩኝ ልጆቹ በጨለማ ይጫወቱ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ሰዓት አስራለሁ። አንዱን ጨርሶ አላቆመውም። የጀመርኩበትንም ደቂቃ ካርዴ ላይ እጽፋለሁ። ይህን ለጀማሪ ዳኞች በተናገርኩ ቁጥር ኩኒን አስባለሁ። የእኔን ስህተት 20 ሰው አየው። የሱን አገር አየው።

በነገራችን ላይ በሴቶች የጌሊክ እግር ኳስ፣ ማለትም የአየርላንዶች የራሳቸው በሆነው እግር ኳስ፣ ትልልቅ ጨዋታዎች ሰዓቱ በሰሌዳ ላይ ሕዝብ እያየው ይቆጠራል፤ ሲያልቅም ድምፅ ያሰማል። ለዳኛው ትልቅ እፎይታ ነው። እኔ ቢጠይቁኝ ለሀርሊንግም ይሁን እላለሁ።

ወደ ተርልስ እንመለስ። ኦገስት 29፣ ሦስተኛው ጨዋታ። ጎል የሚባል ነገር አልታየም። የኦፋሊው ግብ ጠባቂ ስቲቨን በርን የሚገርሙ ኳሶች አዳነ። ከሦስቱ ወንድማማቾች፣ ከዱሊዎቹ መካከል ታላቁ ጆ ዱሊ ዕድሜው ከሠላሳ አልፎ እንደ ወጣት ይሮጥ ነበር። ውጤቱ 0-16 ለ0-13። ኦፋሊ በ3 ነጥብ አሸነፈ። በተቋረጠው ጨዋታ ክሌር ይመራ የነበረው በስንት ነበር? በዚያው በ3። ያችው አንድ ጎል የምትመዝን ልዩነት ሳምንት ቆይታ ወደ ሌላኛው ወገን ዞረች።

ፍጻሜው ሴፕቴምበር 13 ነበር። እኛ ዘንድ መስከረም 3 ቀን 1991፤ እንቁጣጣሽ በዋለ በሦስተኛው ቀን። ተጋጣሚው ጁላይ ላይ ያሸነፋቸው ኪልኬኒ ነው። ይህን ቀን ሳነሳ ስለ ብራያን ዌላሃን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ዌላሃን የኋላ መስመር ተጫዋች ነው። ያን ጠዋት ጉንፋን ይዞት ነበር። በቦታው ተሰልፎ ጀመረ፤ ግን አልሆነም፤ ኳሱ ያልፈው ጀመር። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ያስወጣው ነበር። እነ ቦንድ ወደ ፊት፣ ወደ ጎል አካባቢ ወሰዱት። የታመመ ተከላካይ አጥቂ ሆነ። 1 ጎልና 6 ነጥብ አስቆጠረ። ብቻውን 9 ነጥብ። ጆ ኤሪቲም ሌላውን ጎል አገባ። ኦፋሊ 2-16፣ ኪልኬኒ 1-13። 22 ለ16።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሺህ ዓመቱ ምርጥ የሀርሊንግ ቡድን ሲመረጥ፣ ከ15ቱ ውስጥ ገና በመጫወት ላይ የነበረው ዌላሃን ብቻ ነው።

አምበሉ ሁበርት ሪግኒ ሊያም ማካርቲ የሚባለውን የሻምፒዮናውን ዋንጫ ከፍ አድርጎ፣ በጓሮ በር ብንገባም የምንወጣው በዋናው በር ነው የሚል ንግግር አደረገ። በጓሮ በር ገብቶ ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ቡድን ኦፋሊ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን በር የሚያንቋሽሽ ሰው ድምፁ ቀነሰ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ኪልኬኒ ብራያን ኮዲ የሚባል አሰልጣኝ ሾመ። እሱ በኋላ 11 ጊዜ ሻምፒዮን አደረጋቸው። በ2000 ፍጻሜ ኦፋሊን 5-15 ለ1-14 ሲቀጡት የ1998ቱን ቂም የተወጡ ይመስል ነበር። ክሌር እስከ 2013 ጠብቆ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2024ም ደገመ። ኦፋሊ ግን ከዚያ ወዲህ ትልቁን ዋንጫ አላነሳም። ለዚህ ነው አባታችን 1998ን ትናንት እንደሆነ አድርገው የሚያወሩሽ።

ስታገኚያቸው ግን ስለ 2024 ጠይቂያቸው። በዚያ ዓመት የኦፋሊ ከ20 ዓመት በታች ልጆች ቲፐራሪን አሸንፈው የአየርላንድ ሻምፒዮን ሆነዋል። አንዳቸውም ያ ፎቶ ሲነሳ ገና አልተወለዱም ነበር። ፎቶውንም አብራችሁ በደንብ እዩት፤ ምናልባት ሣሩ ላይ ከተቀመጡት መካከል አባታችን ራሳቸው ይኖሩ ይሆናል። የት ጋ እንደነበሩ በጣታቸው ያሳዩሽ።